በስክሪን ላይ የሚታየው ፊደል ጽሕፈት ነውን? ስለ ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ የቀረበ ሂስ

በዚህ መጽሔት ገጾች ስናቀርብላችሁ የቆየነው በአብዛኛው ስለ ብራና መጻሕፍቶቻችን፣ ስለ ቄሶቻችን ጸሎትና ዜማ፣ እንዲሁም አባቶቻችን ስላለፉበት ታሪክ ነው። በዚህ እትም ግን «ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ» ወይም «ዲጂታል ግጥም» እየተባለ በሚጠራው የጽሑፍ ዓይነት ላይ ሂስ ለማቅረብ ተነሥተናል። «ሽማግሌንና ኮምፒዩተርን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የወጣቶች ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ቃል እዚያ ውስጥ እየገባ ነው፤ ማኅበራችንም ፈቃድ የተጠየቀበት አንድ ሥራ አለ። ስለዚህ ሥራ በቦታው እንናገራለን። ከዚያ በፊት ግን በሌላው ዓለም ምን እንደ ተሠራና ሃያስያን ምን እንዳሉ ማወቅ ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በወረቀት የታተመን መጽሐፍ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ አያሰኝም። ለምሳሌ ከ1999 ጀምሮ የዕብራይስጥ ድርሰቶችን በነፃ የሚያቀርበው የቤን ይሁዳ ፕሮጀክት ትልቅ አገልግሎት የሚሰጥ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚነበበው ግጥም በወረቀት ላይ ከነበረው አይለይም። ኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ የሚባለው ከማሽኑ ውጭ ሊኖር የማይችለው ነው። ይኸውም ስንኙን ማሽኑ የሚደረድርበት፣ ፊደሉ የሚንቀሳቀስበት፣ ወይም አንባቢው በነካው ቦታ መሠረት ታሪኩ መንገዱን የሚለውጥበት ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ይህ ነገር ትናንት የመጣ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በ1952 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ስትሬቼይ የተባለ ሰው የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ማሽኑ ከተዘጋጁለት የቃላት ዝርዝሮች በዕጣ እየመረጠ ደብዳቤውን ይጽፋል፤ በመጨረሻም የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒዩተር ስም በሦስት ፊደል አሳጥሮ ይፈርማል። በ1959 ደግሞ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ቴዎ ሉትስ ከፍራንትስ ካፍካ «ግንቡ» ከተሰኘው ልብ ወለድ ቃላትን ለቅሞ፣ ማሽኑ እነዚያን ቃላት እያገጣጠመ ዓረፍተ ነገር እንዲሠራ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ፈረንሳዊው ሬይሞን ክኖ ያለ ኮምፒዩተር ተመሳሳይ ነገር በመጽሐፍ አወጣ። እያንዳንዳቸው 14 ስንኝ ያላቸው 10 ግጥሞች ጽፎ ገጾቹ በየስንኙ እንዲቆረጡ አደረገ። አንባቢው የአንዱን ግጥም መጀመሪያ ከሌላው ሁለተኛ ስንኝ ጋር እያጋጠመ ሊያነብ ይችላል። ሒሳቡ ሲሠራ መቶ ሺህ ቢሊዮን ግጥም ይወጣል፤ ራሱ ክኖ እንዳሰላው ሌት ተቀን ቢነበብ 190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ስለ ስትሬቼይ ደብዳቤዎች የሚቀርበው የተለመደ ሂስ «ስሜት የሌለው ማሽን የፍቅር ደብዳቤ ሲጽፍ ያስቃል» የሚል ነው። እኛ ግን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ እናየዋለን። በልጅነታችን ደብዳቤ ስንጽፍ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለውን መግቢያ ያልጻፈ ማን ነበር? ጸሐፊው ታሞም ቢሆን «ደኅና ነኝ» ይል ነበር። ቃሉ ለሁሉም አንድ፣ ቅርጹም አስቀድሞ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከሱዳን ከስደተኞች ሰፈር የመጣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እናትን እንባ ያራጫት ነበር፤ ልጇ በሕይወት መኖሩን የምታውቀው በዚያው በተለመደው ቅርጽ ነበርና። እንግዲህ ቃሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑ ጽሑፉን ባዶ አያደርገውም። ባዶ የሚያደርገው ከቃሉ ጀርባ የሚጠየቅለት ሰው ሲታጣ ነው። ይህን ሐሳብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ፊደል ማገጣጠም ለእሥራኤል ልጆችም እንግዳ አይደለም። ሴፈር ዬጺራ የተሰኘው ጥንታዊ መጽሐፍ 22ቱን ፊደላት ሁለት ሁለት አድርጎ እያጣመረ 231 በሮች ይቆጥራል። መዝሙር 119 በ22ቱ ፊደላት ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ ፊደል 8 ቁጥር ተሰጥቶ፣ በጠቅላላው በ176 ቁጥር ተሠርቷል። በዘመናችንም በዚህ በእሥራኤል የሚሠራው ገጣሚ ኤራን ሃዳስ በኦሪት ውስጥ በሃይኩ የክፍለ ቃል ልክ የሚገጥሙትን ቃላት ኮምፒዩተር እንዲለቅም አድርጎ መጽሐፍ አውጥቷል። አንዳንድ የሃይማኖት ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ቅር እንደሚላቸው እንረዳለን። እኛ ለማውገዝ አንቸኩልም። ሆኖም የኦሪት ዓረፍተ ነገር መቆሚያውና መቀጠያው በንባብ ዜማው የታወቀ ነው፤ ማሽኑ ክፍለ ቃል ቆጥሮ በመካከሉ ሲቆርጠው የሚገኘው ነገር ከኦሪት የተወሰደ ቃል እንጂ የኦሪት ቃል አይደለም። ገጣሚው ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለንም። ሥራው የሚያስደንቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንባቢው ለዘመናት ሲያነበው በኖረው መጽሐፍ ውስጥ ማንም ሳያስበው የተሰደረ ቃል ሲያገኝ ይደነግጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ሥራ «ሃይፐርቴክስት» የሚባለው ነው። አሜሪካዊው ማይክል ጆይስ በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየውና በ1990 በዲስኬት የወጣው «አፍተርኑን» በዚህ ዘርፍ የታወቀው ሥራ ነው። ታሪኩ ጠዋት በመንገድ ላይ ያየው የመኪና አደጋ የፈታት ሚስቱንና የልጁን ሕይወት ያጠፋ እንደሆነ የሚጠራጠር ሰው ታሪክ ነው። ሥራው በ539 ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን አንባቢው የነካው ቃል ወደሚቀጥለው ክፍል ይወስደዋል። በ1992 ደራሲው ሮበርት ኩቨር በኒው ዮርክ ታይምስ «የመጻሕፍት ፍጻሜ» በሚል ርእስ ባወጣው ጽሑፍ ሃይፐርቴክስት አንባቢውን ከደራሲው የመሥመር አገዛዝ ነፃ እንደሚያወጣው ተነተነ። በ1994 ስቬን ቢርከርትስ በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጥልቅ ንባብ እየሞተ ነው ብሎ አለቀሰ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው ክርክር ብዙ ወረቀት ፈጅቷል።

በዚያን ጊዜ ከተነሡት ሐሳቦች አንዱ የታልሙድ ገጽ የመጀመሪያው ሃይፐርቴክስት ነው የሚል ነበር። እኛ ቤተ እሥራኤል በአገራችን ታልሙድ አልነበረንም፤ ገጹን ያወቅነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ምናልባት አዲስ ዓይን ስለሆነን ልዩነቱ ጎልቶ ይታየናል። በመካከል ሚሽናና ገማራ፣ በአንድ ወገን ራሺ፣ በሌላው ወገን ቶሳፎት ተደርድረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ለዓይን ይታያሉ። ተማሪው ወዴት እንደሚሄድ ከመሄዱ በፊት ያያል፤ ጓደኛውም አጠገቡ ተቀምጦ «ለምን ወደዚያ ሄድህ?» ይለዋል። በጆይስ ሥራ ግን መንገዱ ተሰውሯል። አንባቢው የነካው ቃል ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም። አንዳንዱ ክፍልም ሌሎች የተወሰኑ ክፍሎች ካልተነበቡ በቀር እንዳይከፈት ደራሲው ዘበኛ አቁሞበታል። ታዲያ ይህ ነፃነት ነውን? ኖርዌያዊው ኤስፔን ኦርሴት በ1997 ባሳተመው «ሳይበርቴክስት» መጽሐፉ ይህንኑ ተችቷል። መንገድ መምረጥ ደራሲ መሆን እንዳልሆነ፣ አንባቢው የሚደክመው ድካም ግን ከተራ ንባብ የተለየ እንደሆነ አስረድቷል፤ እንዲህ ያለው ጽሑፍም በኮምፒዩተር እንዳልተጀመረ የጥንቱን የቻይና «ኢ ቺንግ» ጠቅሶ አሳይቷል።

ኦርሴት የጎንደርን አዝማሪ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ምሳሌ ባላስፈለገው ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገረፈ ሳለ ከተቀመጡት መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስንኙን የወረወረው ሰው በእውነት ደራሲ ሆኗል። ሰው ከሰደበ በዚያው ማታ ሊጣሉት ይችላሉ፤ ካወደሰም ምስጋናው የእርሱ ነው። በሃይፐርቴክስት ውስጥ ቃል የነካ አንባቢ ግን ለምንም ነገር ተጠያቂ አይደለም። ይህን ስንል የጆይስን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ዋጋው ያለው ዘበኛ በቆመበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን። ያ ሰው ያየውን ነገር ለመናገር አይችልም፤ አንባቢውም ብዙ ዞሮ፣ ብዙ ተመልሶ ካልሆነ በቀር ወደዚያ አይደርስም። በብዙ ቤተሰቦቻችንም አባት በመንገድ ላይ የሆነውን ለልጆቹ የነገረው በዚህ ዓይነት ዙሪያ መንገድ ነው። እንግዲህ የዚህን ዘርፍ ሥራ መመዘን ያለብን «አንባቢው ምን ያህል ነፃ ነው?» ብለን ሳይሆን «ቅደም ተከተሉን የሚወስነውን ሕግ ማን አወጣው? ለምንስ ዓላማ?» ብለን ነው።

አሁን ወደ ጠቀስነው ሥራ እንምጣ። ከልጅ ልጆቻችን መካከል በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ጥቂት ወጣቶች፣ በሱዳን በኩል በእግር የመጡ ሰዎች የሰጡትን ቃል ከቅጂው ወስደው በኮምፒዩተር ላይ በግጥም መልክ ሊያቀርቡ አስበዋል። በእቅዳቸው መሠረት ማሽኑ የተናጋሪዎቹን ቃል እየቆራረጠ በዕጣ ያደባልቀዋል፤ ሁለት ተመልካቾች አንድ ዓይነት ነገር አያዩም። እንደሚታወቀው በዚያ ጉዞና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደ ሞቱ ይገመታል። ከሽማግሌዎች አንዳንዶቹ እቅዱን ሲሰሙ «የሰው ሞት ዕጣ ይጣልበታልን?» ብለው ተቆጡ። ወጣቶቹም «ማንም ተራኪ ከማንም እንዳይበልጥ ብለን ነው» ብለው መለሱ።

በዚህ ነገር ሁለቱንም ወገን የሚያስተምር ነገር በገዛ ልማዳችን አለ። በለቅሶ ቤት አስለቃሿ ሙሾ ስታወርድ ቅደም ተከተል አትጠብቅም። የሟች ወንድም ከሩቅ አገር በገባ ጊዜ ያቋረጠችውን ስንኝ ትታ የወንድምን ስንኝ ታነሣለች፤ አማት ስትገባ ወደ አማት ትዞራለች። ሙሾው በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ሁለት ለቀስተኞች አንድ ዓይነት ሙሾ አይሰሙም። እንግዲህ መለዋወጡ ብቻውን ነውር አይደለም። ነገር ግን አስለቃሿ የምትለውጠው በሩን እያየች ነው። የገባውን ሰው ታውቀዋለች፤ ያለ ቦታው አንድ ስም ብታነሣ ይወቅሷታል። ዕጣ የሚጥለው ማሽን በሩን አያይም። ስለዚህ ወጣቶቹ ሕጉን ማውጣት ያለባቸው ማሽኑ በሩን እንዲያይ ያህል አድርገው ነው፤ ይህም ቀላል ሥራ አይደለም፤ በእኛ አስተያየት ግን ከግጥም ሥራ የሚቆጠረው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ሕግ ትምህርት እንግባ፤ ለሂሱ ይጠቅማልና። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 12 ከተጻፈው የተነሣ የፈጣሪን ስም መደምሰስ የተከለከለ ነው፤ ስሙ ያለበት መጽሐፍ ሲያረጅም በክብር ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ስሙ በስክሪን ላይ ተጽፎ ቢጠፋ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ብዙዎቹ ረቢዎች የሰጡት መልስ በስክሪን ላይ የሚታየው ጽሕፈት አይደለም የሚል ነው። ብርሃን ነው፤ ያለማቋረጥ እየጠፋ እንደገና ይበራል። በድሮው ባለ ቱቦ ስክሪን ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይሆን ነበር። ፊደሉ ቆሞ የሚታየን ዓይናችን ስለማይከተለው ብቻ ነው።

የሚያስገርመው፣ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ጋር ምንም ግንኙነት የሌላት አሜሪካዊቷ ሃያሲ ካትሪን ሄይልስ በ2006 ባወጣችው ጽሑፍ ወደዚያው መድረሷ ነው። በእርሷ አባባል ዲጂታል ግጥም በመደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን እንደ አንድ ክንውን የሚታይ ነው፤ ማሽኑ ፕሮግራሙን በሠራው ቁጥር ግጥሙ እንደ አዲስ ይሆናል። ይህ ከሆነ ዲጂታል ግጥም ከመጽሐፍ ይልቅ የሚቀርበው ለቄሶቻችን ጸሎት ነው። በአገራችን ቄሱ በግዕዝ፣ አልፎ አልፎም በአገውኛ ሲያዜም፣ ሌሎች ቄሶችና ምእመናን ሲቀበሉ፣ ጸሎቱ የሚኖረው በዚያች ሰዓት በአፋቸው ነው። ዜማውን ተማሪው ከመምህሩ አፍ በብዙ ዓመት ይቀበለዋል። የመጽሐፍ ጥቅም ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ዲጂታል ግጥምን «መጽሐፍ አይደለም» ብሎ የሚነቅፈውም፣ «ከመጽሐፍ ይበልጣል» ብሎ የሚያሞግሰውም በማይመለከተው ሚዛን እየመዘኑት ነው።

የዚህ ነገር መራራ ፍሬ የሚታየው በመጠበቅ ጉዳይ ላይ ነው። በ1992 ዊልያም ጊብሰን ስለ አባቱ የፎቶግራፍ መዝገብ የጻፈው «አግሪፓ» የተሰኘ ግጥም በዲስኬት ወጣ። ግጥሙ በስክሪኑ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ከታች ወደ ላይ እየሄደ ይነበባል፤ ከዚያ ዲስኬቱ ራሱን በምስጢር ጽሕፈት ይቆልፋል። ደራሲው ትዝታ ተመልሶ እንደማይመጣ ማሳየቱ ነበር። ነገር ግን ሰዎች ወዲያው ገልብጠው አሰራጩት፤ ዛሬም ይነበባል። እንዲጠፋ ታስቦ የተሠራው ሰው ስለ ገለበጠው ዳነ። እንዲኖሩ የታሰቡት ብዙዎቹ ግን ጠፉ። በ1999 በአሜሪካ የተመሠረተው የኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ ድርጅት በ2006 የመጀመሪያውን የሥራዎች ስብስብ 60 ሥራዎች አካትቶ አወጣ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፍላሽ በሚባል ፕሮግራም የተሠሩ ነበሩ። አዶቢ ኩባንያ በ2020 መጨረሻ ፍላሽን ሲያቆም እነዚያ ግጥሞች በተራ ኮምፒዩተር መከፈት አቃታቸው። ፍላሽን የሚመስል ሌላ ፕሮግራም በበጎ ፈቃደኞች ተሠርቶ ከፊሎቹ ተመልሰዋል፤ ሁሉም አይደሉም።

አንባቢ ይህን ከእኛው ነገር ጋር ያነጻጽር። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1860ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ ከተመለሰ በኋላ የጸሎቶቻችንን የግዕዝ ጽሑፍ በ1877 በፓሪስ አሳተመ። ያ መጽሐፍ ወደ 150 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ቢኖረውም፣ ግዕዝ የሚያውቅ ሁሉ ዛሬ ከፍቶ ያነበዋል። በአንጻሩ ማኅበራችን በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የጻፋቸው ጽሑፎች በዲስኬት ላይ አሉ፤ ሲከፈቱ ግን የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ሆነው ይታያሉ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ የፊደል ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ዛሬ የምናገኘው ከታተመው ወረቀት ላይ እንደገና እየለቀምን ነው።

ይሁን እንጂ ሃሌቪም ያልጠበቀው ነገር አለ፤ ዜማውን አልያዘም፤ ሊይዝም አይችልም ነበር። ዜማው የተያዘው በ1986 የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሃ አሮም ከባልደረቦቹ ጋር የቄሶቻችንን ጸሎት እዚህ በእሥራኤል በቴፕ በቀዱ ጊዜ ነው። ከተቀዱት አባቶች ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም። በአሜሪካ ዲን ግሪጋርና ስቱዋርት ሞልትሮፕ የሠሩትን «ፓዝፋይንደርስ» የተሰኘ ሥራ ባወቅን ጊዜ ይህንኑ ቅጂ ነው ያስታወስነው። በ2015 ባወጡት በዚህ ሥራ የጥንት ሃይፐርቴክስቶችን ለማዳን የመረጡት መንገድ ይህ ነው፤ አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች ጠግነው አቆዩ፤ ከዚያ ደራሲውንና ሌላ አንባቢን በየተራ ፊቱ አስቀምጠው ሲያነቡ፣ ሲያመነቱ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሲናገሩ በቪዲዮ ቀረጹ። ፕሮግራሙ ቢሞት የንባቡ ድምፅ ይቀራል። ቄስን አስቀምጦ ጸሎቱን መቅዳት ማለት ይኸው ነው። ጉድለቱም አንድ ነው፤ የተቀዳው አንድ ንባብ ነው፤ ተቀባይ የሌለው ዜማ ደግሞ ቴፑ ውስጥ ቢኖርም አይዜምም።

ከዚህ የተሻለ የሚመስለን የኒክ ሞንትፎርት ምሳሌ ነው። ይህ ሰው በ2009 «ታሮኮ ጎርጅ» የተሰኘ፣ በታይዋን ስላለ ሸለቆ ያለማቋረጥ ስንኝ የሚያወርድ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ በጣም አጭር ስለሆነ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሕጉን ይረዳዋል። ሌሎች ገጣሚዎች ሕጉን እንዳለ ትተው ቃላቱን በራሳቸው ቃል እየተኩ ብዙ አዳዲስ ግጥሞች አወጡ፤ በአንድ ዜማ ላይ አዲስ ቃል እንደማስገባት መሆኑ ነው። ይህ ግጥም የተሠራበት ማሽን ቢጠፋ እንኳ ሕጉ በብዙ እጅ ስላለ በሌላ ማሽን ይጻፋል። በግጥምነቱ ሲታይ ከጆይስ ሥራ ጥልቀት ያንሳል፤ አንድ ሰዓት ያነበበው ሰው ሁለተኛውን ሰዓት አይመኝም። ነገር ግን ይወረሳል።

ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፉት እንደ ቻት ጂፒቲ ያሉት ማሽኖች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ሌላ ዓይነት ናቸው። በአማርኛ ግጥም ጻፍ ቢሏቸው ይጽፋሉ፤ ቤትም ይመታሉ። የስትሬቼይን ማሽን ሕግ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለልጅ ማስረዳት ይቻላል። የእነዚህን ግን የሠሯቸው ሰዎች እንኳ ይህ ቃል ለምን እንደ ተመረጠ ከፍተው ማሳየት አይሆንላቸውም። «ሕጉን ማን አወጣው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ለጊዜው ከግጥም ወገን ልንቆጥራቸው ይቸግረናል።

ስለ አማርኛ ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ቢጠብቅ በዓል ነው፤ ቢላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። «ሰፊ» ቢላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው፣ ቢጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። «ዋና»ም እንደዚሁ። ሰምና ወርቅ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ በወረቀት ላይ ሁለቱ ትርጉም በአንድ ፊደል ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ቃሉ በድምፅ ሲነበብ ግን ከሁለቱ አንዱ ይመረጣል። ዓይንና ጆሮን በአንድ ጊዜ የሚያቀርብ መሣሪያ፣ አንዱን ስንኝ በስክሪን ላይ አቁሞ በሁለት ድምፅ ሁለት ዓይነት ሊያስነብበው ይችላል። ይህ ወረቀት የማይችለው፣ ለቋንቋችንም የተገባ ሥራ ነው። እስካሁን በአማርኛ በስልክና በኢንተርኔት ሲሰራጩ የምናያቸው ግጥሞች ግን አብዛኞቹ የወረቀት ግጥም ከሙዚቃና ከፎቶግራፍ ጋር ናቸው፤ ሲነበቡ ያምራሉ፤ ማሽኑ ግን የሠራላቸው ነገር የለም።

ለወጣቶቹ የሰጠናቸው መልስ ከዚህ ሁሉ የተነሣ ነው። ፈቃድ አልከለከልንም። የእያንዳንዱ ተናጋሪ ቃል ሳይቆረጥ በሙሉ በወረቀትም በድምፅም ለብቻው እንዲቀመጥ፣ የሟቾች ስም በዕጣ ውስጥ እንዳይገባና ቤተሰብ በሰጠው ቅደም ተከተል ብቻ እንዲነበብ፣ የሥራውም ሕግ ኮምፒዩተር የማያውቅ ሰው በሚረዳው አማርኛና ዕብራይስጥ ተጽፎ እንዲቀርብ ጠየቅን። እስካሁን ሁለት ገጽ አምጥተዋል። አብዛኛውን ተስማምተንበታል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን፣ ተናጋሪው ከሦስት ሰከንድ በላይ ዝም ካለ ማሽኑ ወደ ሌላ ተናጋሪ ይለፍ የሚል አንቀጽ አለ። ቃላቸውን ከሰጡት እናቶች አንዷ ይህ ሲነበብላቸው «እዚያ ላይ ዝም ያልኩት ልጄን የቀበርኩበትን ቦታ እያየሁ ነው፤ ማን ነው ከዚያ የሚያስነሣኝ?» አሉ። ወጣቶቹ ሦስቱን ሰከንድ ወደ ሠላሳ እናድርገው ብለዋል፤ እናታችን ደግሞ ሰከንድ የሚባል ነገር ጨርሶ ከገጹ ይውጣ ይላሉ። ይህ አንቀጽ ገና አልተቋጨም።